ከሮሃ የቀረው ባሕር

ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ከአለቱ ተፈልፍሎ የወጣ ጥልቅ የጸበል ገንዳ አለ። ውኃው ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። ልጅ ያጡ ሴቶች በገና ሰሞን በገመድ እየታሰሩ ይጠመቁበታል። እኛ ልጆች ሳለን ግን ካህናቱ እስኪያባርሩን ድረስ ዳር ቆመን ጠጠር እንጥልበት ነበር። ፀሐይ በርታ ስትል ከውኃው ሽታ ይነሳል፤ የራሰ አለት፣ የቆየ ውኃ፣ የበሰበሰ ሣር ሽታ። ባለፈው ሰኔ ለኪዳን ወርጄ ከግድግዳው ጥግ እንደቆምኩ ያ ሽታ መጣብኝ። ላሊበላ መሆኔ ጠፋኝ። የኢዮጴ ወደብ ድንጋይ ላይ ነበርኩ፤ እማዬ አጠገቤ ቆማ ነጠላዋን ከነፋሱ ጋር ትታገላለች።

«የማርያም ገንዳ ይሸታል» ያለችው እሷ ናት። ባሕርን በዓይኗ ባየች ጊዜ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ይኸው ነው።

በ2010 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነበር። አባዬ፣ እማዬ፣ አክስቴና እኔ ኢየሩሳሌምን ልንሳለም ሄድን። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ ቄስ ነው፤ የኢየሩሳሌምን ነገር ሲያነሳ ድምፁ ዝቅ ይላል። እማዬ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ «አንድ ቀን» ስትል የኖረች ናት። ያ አንድ ቀን የመጣው ታናሽ ወንድሜ ከሳዑዲ በላከው ገንዘብ ነው። ወንድሜ በባሕር ሄዶ ያገኘው ገንዘብ እኛን በአውሮፕላን ወሰደን። ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ ክብደቱ ግን የተሰማኝ ቆይቶ ነው።

ከላሊበላ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን በረርን። በመስኮቱ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነበር። ሳይነጋ ስናርፍ አስተባባሪያችን የቦታውን ስም ተናገረ፤ ልዳ። አባዬ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ልዳ የሰማዕቱ ጊዮርጊስ አገር፣ ቤተ ክርስቲያኑ የታነጸባት፣ በየዓመቱ ኅዳር 7 የምናከብራት ቦታ ናት። ቤተ ጊዮርጊስን ሲያጥን የኖረ ሰው እግሩ መጀመሪያ የረገጠው የጊዮርጊስን አገር ሆነ። አስተባባሪው ማረፊያችን እስከ ከሰዓት እንደማይደርስ ነግሮን «እስከዚያ ባሕሩን እናሳያችሁ» ሲል፣ አባዬ ደስታውን መሸሸግ አቃተው። ቅዱስ ጴጥሮስም ከልዳ ተነሥቶ ነው ኢዮጴ የወረደው። ሞታ የነበረችውን ጣቢታን ያስነሣው እዚያ ነው፤ የተቀመጠውም በባሕሩ አጠገብ ባለው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው። «በሐዋርያው መንገድ ነን» እያለ በአውቶቡሱ ውስጥ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ነገረ።

የኢዮጴ አሮጌ ከተማ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ቤቶቹ በቢጫ ድንጋይ የተሠሩ፣ ደረጃዎቹ ጠባብና በሰው እግር የለሰለሱ። ከላይ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ ወረድ ሲሉ ባሕሩ ጥግ የቆመ ትንሽ መስጊድ፣ ከታች ደግሞ መረባቸውን የሚያራግፉ ዓሣ አጥማጆች። በስተሰሜን የቴል አቪቭ ፎቆች ይታያሉ። ለረጅም ዘመን የኢየሩሳሌም ተሳላሚ በር ይህች ወደብ ነበረች። ዳርቻው አለት ስለሚበዛበት ትልልቅ መርከቦች ቀርበው መቆም አይችሉም ነበር፤ ራቅ ብለው ይቆሙና ተሳላሚው በትንንሽ ጀልባ እየተቀዘፈ ይወርዳል። ከእኛም አገር በምጽዋና በግብፅ በኩል ወር ከወር ተጉዘው፣ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ የቀረው እዚህ የደረሰ አለ።

እማዬ ደረጃውን ስትወርድ ከመጨረሻው ላይ ቆመች። ጫማዋን አወለቀች። እኛ አገር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንደሚደረገው ጎን ለጎን አስተካክላ ደረጃው ላይ አኖረችውና በባዶ እግሯ ወደ ውኃው ሄደች። ማንም አልነገራት። አክስቴ ተከተለቻት። ማዕበሉ መጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ሲመታት አልሸሸችም፤ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ዘገነችና ፊቷን አማተበችበት፤ ከዚያ ቀመሰችው። ፊቷን አጨፈገገች።

«ጨው ነው እኮ!» አለች ወደ እኔ ዞራ። «አባቴ ለዚህ ነው ሰቆጣ ድረስ ሲማስን የኖረው?»

አባቷ ነጋዴ ነበር። የአፋር ጨው አሞሌ ሆኖ በግመልና በበቅሎ ሰቆጣ ገበያ ይወጣል፤ ከዚያ የላስታ ሰው በአህያ እየጫነ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ያመጣዋል። ውኃ ሙላት የወሰደው አህያም ሰውም ነበር። በእማዬ ልጅነት አሞሌ ተፈልጦ የሚቀመጠው ማሰሮ ውስጥ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጣበት ቤት ነበር። እሷ ያን እያሰበች ነው ያን ሁሉ ውኃ የምታየው።

አባዬ ግን ዝም አላለም። ዮናስን ጀመረልን። በጾመ ነነዌ በየዓመቱ የሚያነበው ታሪክ ነው፤ ዮናስ ከተላከበት ሸሽቶ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ ያገኘው በዚህች በኢዮጴ ነው። አባዬ ለዚህ ሁሉ ዓመት ሲያነብ ኢዮጴ ለእሱ የብራና ላይ ስም ብቻ ነበረች። አሁን ጣቱን እየቀሰረ «ከዚህ ነው የተሳፈረ፤ ኪራዩንም የከፈለ እዚህ ነው» ይላል። ከአጠገባችን የነበሩ ተሳላሚዎች ተሰብስበው ያዳምጡት ጀመር። በዚያች ጠዋት አባዬን እንደዚያ ወጣት ሆኖ አየሁት፤ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም።

ከጴጥሮስና ከዮናስ ቀጥሎ የመጡት ጃንሆይ ናቸው። የአባዬ አባት ልጅ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ላሊበላ ሲገቡ አይቻለሁ ይል ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር በተደረገው ውጊያ ማይጨው ላይ የሆነው ከሆነ በኋላ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከመንገዳቸው ወጥተው ላሊበላ ገብተው ጸልየዋል። አያቴ የሚያስታውሰው በቅሎዎቹንና የወታደሩን ዝምታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ሚያዝያ 24 ቀን ከእቴጌ መነንና ከልጆቻቸው ጋር በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፤ ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሱ፤ ከሐይፋ ወደ ኢየሩሳሌም። አዲሷን ኢየሩሳሌም፣ ላሊበላን፣ ተሰናብተው፣ ወር ሳይሞላ ጥንታዊቷን ተሳለሙ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ አያቴ ሲያወራ እኔ ትኩረቴ ንጉሡ ላይ ነበር። ኢዮጴ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ግን ስለ ልጆቹ ነው። አገሩ የተወሰደበት ቤተሰብ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ በማያውቀው ከተማ ወደብ ላይ ሲወርድ ምን ይመስላል? ሐይፋ ላይ ክብር ዘብ ጠበቃቸው፤ እንደ ንጉሥ ቤተሰብ ተቀበሏቸው። ለእናት ግን ክብር ዘቡ ምን ያደርግላታል? ልጆቿን ነው የምትቆጥረው።

እኛ የላሊበላ ልጆች ያደግነው ሁሉ ነገር ባለበት ቦታ ነው። ዮርዳኖስ አለን፤ በጋውን የሚደርቅ፣ መስቀል የቆመበት። ጎልጎታ አለን፤ ቤተ ልሔም አለን፤ ደብረ ዘይት፣ ደብረ ሲና አለን። ቅዱስ ላሊበላ ኢየሩሳሌምን ለሕዝቡ ካመጣ ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል፤ እማዬ ኢየሩሳሌም ስትገባ እንግድነት ያልተሰማት ለዚህ ነው። አስጎብኚው ገና ሳይናገር «ይኼማ የእኛው ነው» ትላለች። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ጎልጎታ ላይ ነው። ቤታችን አጠገብ ያለው ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባበትም፤ ተወልዳ ባረጀችበት ከተማ እማዬ ከውጭ ተሳልማ ነው የኖረችው። ኢየሩሳሌም ላይ ግን ደረጃውን ወጥታ፣ ተንበርክካ፣ ግንባሯን አለቱ ላይ አስነካች። ስትወጣ ምንም አላለችም፤ የአክስቴን እጅ ይዛ ለብዙ ጊዜ ቆየች።

በጥንቱ ስሟ ሮሃ በምትባለው በላሊበላ የቀረው ግን ባሕሩ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ የኖኅ መርከብ ናት ይሉናል አባቶች፤ የታችኞቹ መስኮቶቿ ድፍን የሆኑትም የጥፋት ውኃ እንዳይገባባት ነው ይላሉ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ የቆመች የድንጋይ መርከብ። በልጅነቴ አፋፉ ላይ ተኝቼ ቁልቁል እያየሁ ዙሪያዋን በሐሳቤ ውኃ እሞላው ነበር። ግን የማውቀው ውኃ የገንዳ ነው፤ ከእንስራ የተረፈ ነው። ገንዳውን ባሰፋው ባሰፋው ባሕር አልሆን አለኝ።

ባሕርን ያየ ዘመድ ነበረን፤ የእማዬ ወንድም። በደርግ ጊዜ አሰብ ወርዶ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ኖሯል። በ1983 ከብዙ የወሎ ሰዎች ጋር ባዶ እጁን ተመለሰ። ስለ ባሕሩ ስንጠይቀው ስለ ሙቀቱ ይነግረናል፤ ስለ ደመወዙ፣ እዚያ ስለ ቀረ ቤቱና ስለ ጎረቤቶቹ። አሰብ ያኔ አገር ነበረች፤ እሱ ከወጣ በኋላ ውጭ አገር ሆነች። እስኪሞት ድረስ «ቤቴ» የሚለው የአሰቡን ነበር።

ያን ጠዋት ያላወቅነውን፣ ከዚያ በኋላ ካነበብኩት አንድ ነገር ልናገር። ተከዜ የሚመነጨው ከላስታ ተራሮች ነው። ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል፤ ከአትባራ ጋር ገጥሞ ዓባይ ውስጥ ይገባል፤ ከዓባይ ጋር ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ዓባይ ለዘመናት ተሸክሞት የወረደው ደለል አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነው። ከግብፅ አንሥቶ እስከ ሐይፋ ድረስ ያለውን የባሕር ዳር አሸዋ ያመጣውም ዓባይ ነው፤ ባሕሩ እየገፋ ወደ ሰሜን አዳረሰው። የኢዮጴ ቢጫ ድንጋይ ራሱ እንዲህ ያለ አሸዋ ተጋግሮ የጠነከረ ነው። አሁን አስዋን ደለሉን ያስቀረዋል፤ ተከዜም በ2001 ዓ.ም. ገደማ የራሱ ግድብ ተሠርቶለታል። ከዚያ በፊት ግን፣ አያት ቅድመ አያቶቻችን ክረምት በመጣ ቁጥር «አፈራችንን ጎርፍ ወሰደው» ብለው ሲያዝኑ፣ አፈሩ መንገድ ላይ ነበር። እማዬ በባዶ እግሯ በረገጠችው ዳርቻ ላይ ከላስታ የወረደ ቅንጣት አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። ይህን ስነግራት አልተደነቀችም። «ታዲያ ሽታው ከየት መጣ መሰለሽ?» አለችኝ።

ከሰዓት በፊት፣ ልንሄድ ስንል፣ አንዲት ሴትዮ የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ሲያልፉ አማርኛችንን ሰሙና ቆሙ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ከጎንደር ወገን፤ በግንቦት 1983 ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲወሰድ እሳቸውም አውሮፕላን ላይ ነበሩ። እማዬን ትከሻ ለትከሻ ሳሟት፤ መልሰው ሳሟት። መጀመሪያ የጠየቁት «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብለው ነው። እማዬም የበልጉን መዘግየት፣ የጤፉን ዋጋ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ጎረቤቷን እንደምታወራ። ልጅቷ አያቷን በዕብራይስጥ «እንሂድ» ሳትላቸው አልቀረችም፤ እጃቸውን ትጎትታለች። እማዬ ሲለያዩ «ባሕሩ አያስፈራዎትም?» ብላ ጠየቀቻቸው። «መጀመሪያ ያስፈራኝ ነበር፤ አሁን ልጆቼ እዚህ ናቸው» አሉ።

እማዬ ከዚያ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም እስክንገባ አልተናገረችም። ደከማት ብለን ነበር። ማታ ግን ወንድሜ በኢሞ ሲደውል ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ጎልጎታን፣ ስለ እነሱ አንድም አልነገረችውም።

«ባሕሩን አየሁት» አለችው። «በቀን ነበር የተሻገርከው በሌሊት?»

ወንድሜ በ2006 ዓ.ም. ነው የሄደው። ለእኛ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ እንደሚሄድ ነግሮን ነበር። ከወልድያ ጭፍራ፣ ከጭፍራ ሎጊያ፣ ከዚያ በደላላ እጅ፣ ብዙውን በእግር፣ በጅቡቲ በረሃ ኦቦክ። ከኦቦክ የደወለው አጭር ነበር፤ ገንዘብ ላኩ የሚል። ባሕር ወደ ቤታችን የገባው በዚያ ስልክ ነው። ከዚያ በፊት ኦቦክ የሚባል ቦታ መኖሩን የሚያውቅ ቤታችን ውስጥ አልነበረም፤ ዛሬ ከቆቦ እስከ ላሊበላ፣ ከሐብሩ እስከ ራያ፣ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ታውቀዋለች። የመን ደርሶ፣ የመንን አቋርጦ፣ ጂዛን በኩል ሳዑዲ ገባ። ስለ መንገዱ ጠይቀነው «ደህና ነበር» ከማለት በቀር አንድም ቀን አልነገረንም።

በዚያች ሌሊት ግን ነገራት። ምናልባት ከባሕር ማዶ ሆና ስለጠየቀችው ይሆናል። በሌሊት ነበር። ጀልባዋ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነው የተጫነው። ቀና ያለ ይመታል። እሱ መካከል ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ከፊቱ ባለው ልጅ ጀርባ ላይ ደፋ፤ ልጁ የመርሳ ልጅ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከንፈሩ በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ውኃው ከጎን እየገባ እግራቸውን ያርሰዋል። ሲነጋጋ ጠልቆ ወደሚያስገባ ቦታ ደርሰው «ውረዱ» ተባሉ፤ እየወደቁ እየተነሡ ወጡ።

«ባሕሩን አላየሁትም፣ እማ» አላት። «አንድም ጊዜ ቀና አላልኩም።»

እማዬ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ብቻ አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አባዬ መጽሐፉን አውጥቶ ጀመረ፤ ምን እንዳነበበ አላስታውስም። እማዬ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆማ ነበር። ከኢየሩሳሌም ባሕር አይታይም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር መጣ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ መብራትም ስልክም ባንክም ተቋረጠ። ወንድሜ ሳዑዲ ሆኖ የእኛን ድምፅ ለወራት አልሰማም፤ እኛ ስለ እሱ ስንጨነቅ የኖርነው ተገለበጠና እሱ ስለ እኛ ይጨነቅ ጀመር። ጎብኚ ቀረ፤ ሆቴሎች ተዘጉ። በ2014 መንግሥት ከሳዑዲ ሰው ሲመልስ እሱም በአንዱ አውሮፕላን ተመለሰ። አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ ቤንዚን በተገኘ ቀን። ከሰፈራችን ልጆች ደግሞ አሁንም የሚሄድ አለ። ጎዶሪያ ጥግ፣ ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ጀልባ ተገለበጠ የሚል ዜና በ2016 ተደጋግሞ ሲመጣ እማዬ ሬዲዮውን አታጠፋም፤ እስከ መጨረሻው ትሰማና የቡናውን ጀበና ትጥዳለች። ልጃቸው የሄደ እናቶች ወደ እሷ ይመጣሉ። ከእናቶቹ ባሕር ያየች እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ምን እንደሚመስል ይጠይቋታል። እሷም አታስጌጥም፤ ጥልቅ ነው፣ ጨው ነው፣ ማዶው አይታይም ትላቸዋለች።

እሱ ራሱ ስለ ባሕር ሲወራ ተነሥቶ ይወጣል። ጥሩ ነገር ሲነገርም ያው ነው። አባዬ ዮናስን ሲያነብ እንኳ ቤተ ክርስቲያኑን ለቆ ሲወጣ አይቼዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ ሁላችን ነበርን። እማዬ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ከየት ነው የሚነሳ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከአዲስ አበባ ነው አልኳት። ለምን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ልጇ ባሕርን በቀን ማየት አለበት፣ ቆሞ፣ በደረቅ መሬት ላይ፣ ከእናቱ ጋር፤ እሷ የምትለው ይህን ነው። ወንድሜ ሊነሣ ነው ብዬ አየሁት። አልተነሣም። ቆሎውን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና «ማንም እንዳያዋክበኝ እንጂ» አለ። አክስቴ ወዲያው «እኔም አለሁ» አለች። አባዬ ከጾም ውጭ ባለ ጊዜ ይሁን አለ፤ ስንቁ እንዳይቸግር።

የእማዬ ፓስፖርት ጊዜው አልፏል፤ የወንድሜም አዲስ ይፈልጋል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደሴ ወርደን እናሠራለን። ፎቶውን ትናንት አስነሣኋቸው።